ጋሽ ሱልጣን በሽታውን በስሙ ሲጠራ

አባቴ ይሕደጎ የሞተው በሰኔ 1990 ዓ.ም. ነው። ለቅሶ ለሚመጣው ሰው ሁሉ "ወገቡን አሞት ነው" እንል ነበር። ሰውም "ወገብ ክፉ ነው፤ የሾፌር ነገር" እያለ ይቀመጣል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በከባድ መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለስ የኖረ ስለነበረ፣ ወገብ የሚለው ቃል ሁሉንም አሳመነ።

እውነቱን የምናውቀው እኔ፣ እናቴ ለተብርሃንና በመጨረሻ ያየው ሐኪም ነበርን። ሕመሙ የተነሳው ከወገቡ አልነበረም። ከሽንት ፊኛ ሥር ካለችው፣ ወንዶች ብቻ ካላቸው፣ ፕሮስቴት ከምትባለው እጢ ነበር። ወደ አከርካሪው የደረሰው ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት ሽንቱ ሲያስቸግረው "ስኳር ሳይኖርብኝ አይቀርም" እያለ ሻዩን መራራ መጠጣት ጀመረ እንጂ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራት ላይ ሰቅሎ ሲያሳየን "ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

የአባቴ እግሮች አልታዘዝ ያሉት ቀን ከቤት እስከ ታክሲው አዝሎ ያወጣው ጎረቤታችን ጋሽ ሱልጣን ነበር። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ከስልጤ በጉርምስናው መጥቶ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ በኋላም ሾላ ገበያ ውስጥ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ፔርሙዝና ድስት ይሸጣል። ድምፁ ትልቅ ነው። ዋጋ ሲከራከር የተጣላ ይመስላል፤ ዘወር ሲል ግን ይስቃል። ማታ ማታ ከአባቴ ጋር አጥራችን ሥር ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። አንዱ በሌላው አማርኛ ይሳሳቃሉ፤ የአባቴ ትግርኛ ትግርኛ፣ የእሱ ስልጢኛ ስልጢኛ ይላል።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ በክረምቱ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ጋሽ ሱልጣን መጣ። እኔ አስተማሪ ስለሆንኩ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ዳናይት፣ ልጅ የማይጠየቀውን ነገር ልጠይቅሽ ነው። እንዳትቀየሚኝ።"

"ይጠይቁኝ፣ ጋሽ ሱልጣን።"

"የይሕደጎ ነገር እንዴት ነበር የጀመረው? ወገብ እንዳትዪኝ። ተሸክሜዋለሁ እኮ። ወገብ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል።"

ሐኪሙ የነገረንን ሁሉ ነገርኩት። ቶሎ ቶሎ መሽናቱን፣ ከእንቅልፍ መነሳቱን፣ ሽንቱ አልወርድ ሲል ቆሞ መጠበቁን። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

"መጥቶም መሃል ላይ ቀጥ ማለትስ?" አለ።

"አዎ።"

"ደምስ?"

"እሱን አልነገረንም።"

"እኔ አይቻለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ሁለቴ።"

ያ ገበያ የሚያናውጥ ድምፅ እንደዚያ ሲያንስ ሰምቼ አላውቅም። ለእትዬ አስማ፣ ለባለቤቱ፣ ነግሮ እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ይኼ ለሴት እንዴት ይነገራል?"

"አሁን ለማን ነገሩት ታዲያ?"

"አንቺማ አስተማሪ ነሽ!" አለና ሳቁ አመለጠው። ስቆ ሲያበቃ ተነሳ። "እሺ። ዛሬ እነግራታለሁ።"

እትዬ አስማ ምን እንዳለችው በኋላ ራሷ አጫወተችኝ። "ሌሊት በተነሳህ ቁጥር እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎህ ነው? እስክትነግረኝ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ነግረኸኛል፤ ነገ እንሄዳለን።" አለችውና በማግስቱ ሄድን። እኔን የወሰዱኝ "የምንጠይቀው ቢጠፋን አንቺ ትጠይቂልናለሽ" ብለው ነው።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም የማይርቅ ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ዶክተር ተስፋጽዮን የሽንት ቧንቧ ሐኪም ነው፤ ረጋ ያለ፣ ፈገግታ የማያበዛ። የጋሽ ሱልጣንን ነገር አዳምጦ ሲጨርስ እንዲህ አለ፦

"ሽንት ያስቸገረው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። በእርስዎ ዕድሜ እጢው እንዲሁም ያብጣል፤ ያ በመድኃኒት ወይም በቀላል ኦፕራሲዮን ይስተካከላል። ካንሰር ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በግምት አንሄድም፤ እንመረምራለን። ደም እንወስዳለን፤ እጢውን ደግሞ በጣት አየዋለሁ።"

"በጣት እንዴት?"

"በመቀመጫ በኩል። ጓንት አድርጌ። ደቂቃ አይፈጅም።"

ጋሽ ሱልጣን ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳና ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጠ። ተከትለነው ወጣን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እትዬ አስማ ጎኑ ተቀመጠች። ቆይቶ ወደኔ ዞረ።

"ይሕደጎ ይኼን ነው የሸሸው?"

"እሱ እዚህም አልደረሰም፣ ጋሽ ሱልጣን። ይኼን የሚጠይቀው ሐኪም ዘንድ አልሄደም።"

ጃኬቱን ለሚስቱ ሰጣትና ተመልሶ ገባ። በሩ ገና ሳይዘጋ "ና፣ ዶክተር፣ ሥራህን ሥራ" ሲል ሰማነው። ወዲያው ቀበቶውን እያጠበቀ ወጣ።

"አለቀ?" አለችው እትዬ አስማ።

"አለቀ። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው የሚሞተው!" ተናዶ ነበር። ንዴቱ በሐኪሙ ላይ አልነበረም።

ሐኪሙ እጢው ላይ ጠንከር ያለ ነገር አግኝቷል። የደሙም ውጤት ከፍ ብሎ መጣ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። የናሙናው ውጤት የደረሰው እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ነው። ካንሰር ነበር። እትዬ አስማ "ያ አላህ" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዶክተር ተስፋጽዮን ግን ንግግሩን አላቋረጠም፤ እንድንሰማው የፈለገው የሚቀጥለውን ነበር።

"አጥንትዎን በራጅ አይተናል፤ ንጹሕ ነው። እስከምናየው ድረስ ከእጢው አልወጣም። ካልወጣ ደግሞ እናድንዎታለን ብለን የምንነሳበት ሕክምና አለ።"

ከዚያ አማራጮቹን ዘረዘረ። አንደኛው በቀዶ ሕክምና እጢውን ጨርሶ ማውጣት ነው፤ ትልቅ ኦፕራሲዮን ነው፤ ጋሽ ሱልጣን ደግሞ የደም ግፊት አለበት። ሌላው ጨረር ነው።

"በጨረር ጊዜ ቢላ የለም፤ ማደንዘዣም የለም። ሆስፒታል አይተኙም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እየተመላለሱ፣ ማሽኑ ሥር ጥቂት ደቂቃ ተኝተው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ሰባት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እያደር ድካም ይኖራል፤ ሽንት ያቃጥላል፤ ሆድም ሊያስቀምጥ ይችላል። አብዛኛው ሕክምናው ሲያልቅ እየቀለለ ይሄዳል።" ትንሽ ቆመና ሁለቱንም ተመለከተ። "የባልና ሚስት ነገርም ሊደክም ይችላል፤ በኦፕራሲዮኑም በጨረሩም። ይኼን ለሁለታችሁም መናገር አለብኝ።"

እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። እትዬ አስማ ነበረች የመለሰችው። "እሱ ይኑርልኝ እንጂ የሌላውን እኛ እናውቅበታለን።"

ወሬው ለቅርብ ዘመድ ሲደርስ ምክር በያይነቱ መጣ። ታላቅ ወንድሙ ከስልጤ ድረስ መጥቶ "አገር ቤት ሥር የሚቀምም አዋቂ አለ፤ ጨረር የሚሉት ሰው ያቃጥላል፤ ፀጉርህን አርግፎ ሬሳ አድርጎ ነው የሚመልስህ" አለው። ጋሽ ሱልጣን አልተከራከረም። የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞ ሐኪሙ ፊት ሄዶ አንድ በአንድ ጠየቀ።

"ፀጉሬ ይረግፋል?"

"የራስ ፀጉርዎን አይነካውም። ጨረሩ የሚያርፈው እዚህ ታች ነው።"

"ያቃጥላል?"

"ሲገባ ምንም አይሰማዎትም። ቆዳዎ ትንሽ ሊጠቁር ይችላል።"

"የልጅ ልጆቼን ማቀፍስ? ጨረሩ ከኔ ወደ እነሱ አይተላለፍም?"

"አይተላለፍም። ማሽኑ ሲዘጋ ጨረሩም ያበቃል። እርስዎ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም፤ እንደልብዎ ይቀፏቸው።"

ጋሽ ሱልጣን ወንድሙን አውቶቡስ አሳፍሮ ሲሸኘው "አዋቂህን ሰላም በልልኝ" አለው። "እኔ ማሽኑን መርጫለሁ።"

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው የጨረር ማሽን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ። ከየክፍለ ሀገሩ ሕመምተኛው እዚያ ይጎርፋል። ተራው እስኪደርስ ጋሽ ሱልጣን ሰኞ በመጣ ቁጥር ሄዶ ይጠይቃል። "ገና ነው፣ አባባ" ይሉታል። "እንግዲያው የሳምንት ሰው ይበለን" ብሎ ይመለሳል። አንዴ እናቴ "በስልክ ብትጠይቅስ?" አለችው። "በስልክ ድምፅ ብቻ ነኝ፤ ፊቴን ይልመዱት" አላት።

ፊቱንም ለመዱት። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ተጠራ። የመጀመሪያው ቀን ከእትዬ አስማ ጋር አብሬያቸው ሄድኩ። ዳሌውና ሆዱ ላይ በሐምራዊ ቀለም መስመር አሰመሩለት፤ ጨረሩ በየቀኑ እዚያው ቦታ እንዲያርፍ ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ ሳሙና አይነካውም፤ አይታሽም። እሱ ደግሞ ለሶላት ትጥበት የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ጠየቀ። ነርሷ "ውኃ ያፍስሱበት፤ አይሹት ብቻ" አለችው። ከዚያ ወፍራሙ በር ተዘጋ። እኛ ውጭ ቀረን። ነርሷ ቆይታ "ይነሱ፣ አልቋል" ስትለው የተናገረው በኮሪደሩ ሁሉ ተሰማ።

"ጀምሩት እንጂ!"

"ጨርሰናል፣ አባባ።"

"ምንም አልነካኝም እኮ! ከላዬ ዞረ፣ እም አለ፣ ቆመ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በታክሲ በካዛንቺስ በኩል ሆስፒታል፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሱቅ ሆነ ኑሮው። ጠዋት ሱቁን እትዬ አስማ ትከፍታለች። እሷ ዋጋ አትከራከርም። አንድ ዋጋ ትናገርና ዝም ትላለች፤ ደንበኛው ራሱ ተጨንቆ ከፍሎ ይሄዳል። ጋሽ ሱልጣን ይኼን ሲያይ "ይኼን ሁሉ ዓመት ጉሮሮዬን በከንቱ ነው የፈጀሁት" ይል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለሉት። ሦስተኛው ላይ ሐኪሙ ያለው ሁሉ መጣ። ሽንቱ እንደ በርበሬ ያቃጥለው ጀመር። ሆዱም አስቀመጠው። ከሰዓት ሱቅ ውስጥ በባልዲዎቹ መሃል ተቀምጦ እንቅልፍ ይጥለዋል። በጨረር ክፍሉ ያለችው ሐኪም "ውኃ ይጠጡ፤ ቀኑን ሙሉ፣ በየሰዓቱ" አለችው። ረመዳን የገባው በዚሁ ሳምንት ነበር።

"ጢሜ ሳይወጣ የጀመርኩት ጾም ነው" አላት ለእትዬ አስማ። "አንድ ቀን አምልጦኝ አያውቅም።"

"አላህ ለታመመ ሰው የፈቀደውን አንተ ልትከለክል ነው?"

መስጊድ ሄዶ ሼኹን ጠየቀ። ሼኹም ያሉት የሚስቱን ቃል ነው። ጋሽ ሱልጣን እሺ ብሎ መጠጣት ጀመረ። የሚጠጣው ግን ሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። እኔ ባየው ምናልባት አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቱ ሙክታር መቀስ ሊዋስ መጋረጃውን ገለጠ። ሙክታር ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሸጣል፤ አብረው ነው ገበያው ውስጥ ያረጁት። ጋሽ ሱልጣን የፔርሙዙ ክዳን ከንፈሩ ላይ ነበር። ሙክታር መቀሱን እንኳ ሳይወስድ ወጣ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲደርስ የሱቆቹ ረድፍ ሙሉ ሰምቶ ነበር። ሰላምታ የሚመልስለት ጠፋ። አንዱማ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ "በስተርጅና ደግሞ ጾም መብላት ተጀመረ" አለ።

ያን ምሽት ባልና ሚስቱ እኛ ቤት ነበሩ። ጋሽ ሱልጣን "ጨጓራ ነው ብዬ ልንገራቸውና ይብቃ" አለ። ከዚያ የተናገረውን ራሱ የሰማ ይመስል ቀና አለ። እናቴን ተመለከታት።

"ለተብርሃን፣ ይሕደጎ ወገቤን አለ። እኔ ጨጓራዬን ልል ነው?"

የእናቴ ዓይን እንባ ሞላ።

በማግስቱ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ነጋዴው እንደ ልማዱ በየሱቁ ፊት ምንጣፍ አንጥፎ ቴምርና ውኃ ይዞ ተቀምጧል። እኔና እትዬ አስማ ከሱቁ በር ቆመናል። ጋሽ ሱልጣን ሄዶ ከተቀመጡት መሃል ቆመ። ያ ድምፁ ተመልሶ ነበር።

"ትናንት ሙክታር ውኃ ስጠጣ አይቶኛል። እውነት ነው፤ ጠጥቻለሁ። ነገም እጠጣለሁ። ካንሰር አለብኝ። የት መሰላችሁ? ፕሮስቴት የምትባል እጢ ላይ። ሴት የላትም፤ እኛ ነን ያለን፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ሁላችሁም አላችሁ። ሆስፒታል እየሄድኩ በጨረር እየታከምኩ ነው። ሐኪም ጠጣ ብሎኛል፤ ሼኹም ጠጣ ብለውኛል።"

አንዱ ሽማግሌ "አስተግፊሩላህ! በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ወሬ" አሉ።

"በዚህ ሰዓት ነው ሁላችሁም አንድ ላይ የምትገኙት" አላቸው። "ይሕደጎን ታውቁታላችሁ፤ ሾፌሩን። ማርና ቅቤ ይዞላችሁ ይመጣ የነበረውን። እሱ ይኼንኑ ታሞ ዝም አለ፤ ዝም እንዳለ ቀበርነው። ከናንተ መሃል ሽንት ቤት ቆሞ የሚቆዝም አለ፤ አውቃለሁ፤ አንድ ሽንት ቤት ነው የምንሄደው! ሂዱና ተመርመሩ። ብዙው ሰው ካንሰር አይሆንም፤ ብትሆንም በጊዜ ከተገኘች ትታከማለች። በጣት ነው የሚያዩት፤ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ይኸው ቆሜያለሁ፤ ወንድነቴ የትም አልሄደም።"

አንዳንዱ አቀረቀረ። አንድ ሁለቱ ሳቃቸውን አፈኑ። አዛን ሲሰማ ሁሉም ወደ ቴምሩ እጁን ሰደደ። ሙክታር ግን ቴምሩን ሳያነሳ ተነስቶ መጣ።

"ሱልጣን፣ አፉ በለኝ።"

"አፉ ብዬሃለሁ። ግን ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

ጋሽ ሱልጣን እጁን ይዞ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው፤ አብረው በሉ።

ከዚያ በኋላ ያን ሱቅ ያየ የባልዲ ገበያ የደራ ይመስለው ነበር። አንዱ ሳፋ እየገላበጠ፣ ሌላው የድስት ክዳን እያንኳኳ፣ ሰው እስኪቀንስ ይጠብቃል። ከዚያ ጠጋ ብሎ "እኔ እንኳ ለወንድሜ ነው የምጠይቅህ" ይላል። ጋሽ ሱልጣንም "ወንድምህ ስንት ጊዜ ነው ከእንቅልፉ የሚነሳው?" ብሎ ይጀምርለታል። የክሊኒኩን አቅጣጫ የሚነግረው ሁሌም እጁን ወደ ቦሌ ዘርግቶ ነበር።

እናቴም ዝም አላለችም። የአባቴ የስድስት ወር መታሰቢያ ላይ፣ ካህናቱ ከተሸኙ በኋላ፣ ለቀሩት ጓደኞቹ "ባለቤቴን የገደለው ወገቡ አልነበረም" ብላ ነገረቻቸው። እንደዚያ ፊት ለፊት ስትናገር አይቻት አላውቅም። ከሰሙት አንዱ ጋሽ አረጋዊ ነበር፤ ከአባቴ ጋር አሰብ የሚነዳ የነበረ። ሳይውል ሳያድር በዚያው ሳምንት ሄዶ ታየ። እብጠት ብቻ ሆነ፤ መድኃኒት ተሰጠው፤ ተሻለው። ከሾላ ነጋዴዎች የአንደኛው ግን ወደ አጥንቱ አልፎ ተገኘ። ለእሱ ጨረሩ ሕመሙን ብቻ ነበር ያስታገሰለት። በቀጣዩ ዓመት ሞተ፤ ለቅሶው ላይ ልጆቹ የበሽታውን ስም ጠርተው ተናገሩ።

ጋሽ ሱልጣን ሕክምናውን የጨረሰው ጥር ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ኢድና ጥምቀት ተቀራርበው ስለዋሉ ሰፈሩ በሙሉ በዓል ላይ ነበር። ኪሎው ቀንሷል፤ የሱሪው ወገብ ሰፍቶታል። ማቃጠሉ እያደር ለቀቀው። ወር ቆይቶ ደሙ ሲታይ ውጤቱ መውረድ ጀምሯል። ዶክተር ተስፋጽዮን "ገና ነን፤ ለዓመታት እየተመላለሱ ይታያሉ" አለው። "ፊቴን ለምዳችሁታል" አለ ጋሽ ሱልጣን።

በመጋቢት አረፋ ደረሰ። ለአረፋ አገር ቤት የማይገባ ስልጤ የለም፤ እሱም ከእትዬ አስማና ከልጆቹ ጋር ሄደ። የሆነውን የሰማሁት ከእትዬ አስማ ነው። በበዓሉ ማግስት፣ በሬው ታርዶ ወንዶቹ በአንድነት ጫት ይዘው ሲቀመጡ፣ ጋሽ ሱልጣን ሾላ ላይ የተናገረውን በስልጢኛ ተናገረ። ታላቅ ወንድሙ በመጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ የጋሽ ሱልጣንን ጭንቅላት አየ፤ ፀጉሩ አልረገፈም። ክንዱን ያዘው፤ ቢከሳም ጥንካሬው እንዳለ ነው።

"ያ ማሽን ይኼን ሁሉ ሲያደርግህ አላመመህም?"

"ማሽኑስ አላመመኝም፤ በኋላ ያቃጠለኝም አልፏል። ያደከመኝስ ተራ መጠበቁ ነው።"

ወንድምየው "እኔም ሌሊት እነሳለሁ" አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በተከራዩት መኪና ውስጥ ለልጆቹ ቦታ ጠበበ። ወንድምየውና አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ከኋላ ተቀምጠዋል። በመንገድ ላይ ሽማግሌው ለሽንት "አውርዱኝ" ባሉ ቁጥር መኪናው ይቆማል፤ ጋሽ ሱልጣንም አብሮ ይወርዳል። እትዬ አስማ እንዳለችው አንድም ጊዜ "ቶሎ በሉ" አላላቸውም። ቡታጅራን አልፈው ወደ ከተማው ሲጠጉ ሽማግሌው ስለ ምርመራው ጠየቁት፤ እሱም ጣቱን ቀስሮ አሳያቸው፤ መኪናው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም በታክሲ ይዞ ወደ ቦሌው ክሊኒክ ወጣ።